የአቶ ዘካርያስ ግራፍ

ባለፈው ሰሞን የጡረታ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ሲቀላ መናኸሪያው አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከፊቴ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ጽሑፏን እያሳተመች ስለነበር ተራዬን ልጠብቅ ከበሩ ዳር ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። "ይሄኛው ግራፍ ሰማያዊው ደብዝዟል፤ አረንጓዴ አድርጊልኝ" አለቻት ተማሪዋ። ባለ ኮፒ ቤቷ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገችና ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። "ርዕሱንም ከላይ አንስተሽ ከታች አድርጊው።" እሱም ወረደ። ከዚያ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ እየተንፏቀቀ ሲወጣ ያ ሽታ መጣ፤ የሞቀ ወረቀትና የቀለም ሽታ፣ ትንሽ የተቃጠለ ላስቲክ ላስቲክ የሚል። ስንት ዘመን ሆኖታል ከሸተተኝ። ልጆቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ግን አቶ ዘካርያስ አጠገቤ ቆመው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ "አስቴር፣ እስቲ መስመሩን ትንሽ ወፈር አድርጊው" ያሉኝ መሰለኝ።

የግብርና ቢሯችን ሴቻ፣ ከላይኛው ከተማ ነበር። ከግቢው አጥር ዳር ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የጫሞን ሐይቅ ከነሰማያዊነቱ ያገኘዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሲነሳ ታንኳዎቹ እንደ ዝንብ ጥቁር ጥቁር ሆነው ይታዩ ነበር። እኔ የዚያ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ያን ጊዜ ቢሮ የሚመጣ ሰው ለብሶ ነው የሚመጣው፤ እኛ ሴቶቹ ሽንሽን ጉርድና በክር የተሠራ ሹራብ፣ ወንዶቹ ካኪ ሳፋሪ። ሙቀቱ ምንም ቢብስ አቶ ዘካርያስ የሳፋሪያቸውን የላይኛውን ቁልፍ አይፈቱም። ከግቢው በር ማዶ የነበረችው ሻይ ቤት ካሴቷን ከጠዋት እስከ ማታ ታዞረው ነበር፤ መጀመሪያ ዘፈን፣ ባለቤቲቱ ጌታን ከተቀበለች በኋላ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ መዝሙር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ከሴቻ ወደ ሲቀላ ለመውረድ መኪናው እስኪሞላ ፀሐይ ላይ መቆም ነበር፤ ዛሬ ባጃጁ እግር ሥር መጥቶ ይለምናል። ምሳ ስንወርድ ደግሞ ዓሣ ነው። ቆሮሶ እንዳለ፣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ጭራው ከሳህኑ ወጥቶ፣ ከሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ ጋር ይቀርባል። በሻይና በዳቦ ዋጋ ሰው ዓሣ ይጠግብ ነበር ብል የዛሬ ልጆች አያምኑኝም። የተረፈውን ለድመት ስንሰጥ ድመቷም ጠግባ ትሄዳለች።

አቶ ዘካርያስ የዓሣ ባለሙያ ነበሩ፤ የገረሴ ሰው፣ ደገኛ። ልጅ ሆነው ሐይቁን ያዩት ከተራራው ላይ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ነው። ዋና አይችሉም፤ ታንኳ ላይ ሲወጡ ሁለት እጃቸው ጠርዙን ይዞ አይለቅም። ግን በየሳምንቱ በዚያች በምትንኮሻኮሽ ሞተር ሳይክል ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዱና ዓሣ አስጋሪዎቹ ያወጡትን እየመዘኑ ይመዘግባሉ። ይህን የሚያደርጉት ማንም ሳይጠይቃቸው ነበር ማለት ይቻላል። የመዘኑትን ሩብ ዓመት ሲሞላ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በእጃቸው ይሥሉታል፤ በቀይ ቀለም፣ በማስመሪያ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። አንድ ቦታ ቀለሙ ጠብ ካለ ወረቀቱን ቀደው ከመጀመሪያ ይጀምራሉ።

ኮምፒውተሩ የመጣ ዕለት ቢሮው ሠርግ ነበር የሚመስለው። ለሙሽራ እንደሚደረገው የጥልፍ ልብስ አለበስነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንዳትነካው ጠረጴዛውን አዞርነው፤ ወደ ክፍሉ ስንገባ ጫማ እንድናወልቅ ታዘዘ። ለሥልጠና ሲቀላ ወደ አንድ ማሠልጠኛ የላኩን እኔንና አቶ ዘካርያስን ነው። እሳቸው በዕድሜ ከሠልጣኙ ሁሉ ይበልጡ ነበር። ማውዙን እንደ ሕይወት ያለው ነገር በፍርሃት ነበር የሚይዙት። አሠልጣኙ ኤክሴል የሚባለውን ከፍቶ ቁጥሮቹን ጎትቶ አጠቆረ፣ አንዲት ትንሽ ምልክት ተጫነ፣ ግራፉ ብቅ አለ። ከዚያ አንዱን ቁጥር አጥፍቶ ሌላ ሲጽፍ ዓምዱ ራሱ ቁመቱን አስተካከለ። አቶ ዘካርያስ እጃቸውን አወጡ።

"ይቅርታ፣ ወንድሜ። ቁጥሩን ስትቀይረው ሥዕሉ ራሱ ይቀየራል ማለት ነው? ድጋሚ መሣል አያስፈልገኝም?"

"አያስፈልግም፣ ጋሼ። ራሱ ይሠራዋል።"

ወደ ሴቻ ተመለስን። ቢሮ በር ላይ ስንደርስ "አስቴር፣ ስንት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሥራ ዘመኔ ሁሉ የወደድኳቸው ናቸው። እሳቸው የመዘኑትን ያነብቡልኛል፣ እኔ አስገባለሁ። ግራፍ መሥራት ያን ጊዜ የዛሬውን ያህል ቀላል አልነበረም። ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም። "ጫሞ" ብዬ ስጽፍ ግራፉ ሥር የፈረንጅ ምልክትና ባዶ ሳጥን ይደረደራል፤ ርዕሱን ለብቻ፣ የወራቱን ስም ለብቻ፣ የጎኑን ጽሑፍ ለብቻ እየነካሁ ፊደሉን ወደ ግዕዝ መቀየር አለብኝ። በፍሎፒ ወደ ሌላ ቢሮ ከሄደ ደግሞ እዚያ ሲከፈት መልሶ ሳጥን። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ከቆሮሶው በቀለም እንዲለይ እሳቸው ይፈልጋሉ፤ ፕሪንተሩ ጥቁር ብቻ ነው የሚያትመው፤ ስለዚህ አንዱን ነጠብጣብ፣ አንዱን ድፍን እናደርጋለን። መብራት ሲጠፋ የሠራነው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እሳቸው አይቆጡም፤ "መጥፎ አይደለም፤ ሁለተኛው ይበልጥ ያምራል" ይላሉ።

የኋላ ኋላ፣ በእጃቸው የሣሉትን የድሮውን ሁሉ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ አስገብተን ጨረስን። እስከዚያ ድረስ የምናየው ቁርጥራጩን ነበር፤ የዚህን ሩብ ዓመት፣ የዚያን ሩብ ዓመት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም አጥቁሬ መስመር የሚለውን ተጫንኩ። ከግራ በኩል ከላይ ተነሣ፤ ትንሽ እየተንገጫገጨ ወረደ፤ ከመሃል በኋላ መንገጫገጩንም ተወ፤ ወረደ። አቶ ዘካርያስ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱ።

"የተሳሳትሽው ቁጥር አለ?"

"አብረን ነው ያስገባነው፣ አቶ ዘካርያስ።"

እንደገና አንድ በአንድ አመሳከርን። ስሕተት አልነበረም። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልወረዱም። በኋላ "ይሄን ያላየ ሰው ነው እንደዚህ የሚያጠምደው" አሉ። "ቢያዩት ኖሮ አያደርጉትም። ማሳየት ነው ያለብን፣ አስቴር፤ ሌላ ምንም አይደለም።"

መጀመሪያ ያሳዩት ለኃላፊያችን ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ወረቀቱን አይተው መለሱላቸው። "አቶ ዘካርያስ፣ ልክ ነው፣ አምንዎታለሁ። ግን ይህን ይዤ ስብሰባ ብገባ የሚጠይቁኝ ስለ ዓሣው አይደለም፤ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ምን ሠራህ ነው የሚሉኝ። እስቲ በሌላ መልክ ያድርጉት።" እኛም በሌላ መልክ አደረግነው። መስመሩን ወደ ዓምድ ቀየርነው፤ መውረዱ አልጠፋም። ዓመቶቹን ጎን ለጎን አደረግናቸው፤ አልጠፋም። በመጨረሻ ኃላፊው ራሳቸው ክብ ግራፍ ይሁን አሉ፤ ከየትኛው የሐይቁ ዳር ምን ያህል ድርሻ እንደሚወጣ ብቻ የሚያሳይ። አቶ ዘካርያስ አጠገቤ ተቀምጠው ሠራሁት። በጣም ያምር ነበር፤ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ። ካለፈው ዓመቱ ጎን አድርገው አዩት፤ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል።

"አየሽ፣ ክብ ሁልጊዜ ሙሉ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሐይቁ ውስጥ አንድ ዓሣ ቢቀርም ክቡ ሙሉ ነው የሚሆነው።"

ስብሰባው ላይ የቀረበው ክቡ ነው። ተጨበጨበለት አሉ። ኮሪደራችን ላይም በመስታወት ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ አቶ ዘካርያስ ለቢሮ ሰው ማሳየቱን ተውትና መስመሩን ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ሊወርዱ አሰቡ። ወረቀቶች በማስቲሽ አያይዤ አንድ ትልቅ አድርጌ ሠራሁላቸው። እኔም አብሬያቸው ወረድኩ፤ ምክንያቱም የእናቴ ልጅ ማርቆስ እዚያ ነበር። ማርቆስ ወንድሜ በጫሞ ዓሣ ያደገ፣ በጫሞ ዓሣ ያገባ፣ በጫሞ ዓሣ እናታችንን የሚጦር ሰው ነው። ሰፊ ትከሻ፣ ጸጥ ያለ ድምፅ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል ከኋላ የሚቆም። መረቡን የሚጠግነው በገዛ እጁ ነው፤ ዓይኑ ሰፊ፣ ትንንሹ ዓሣ የሚያመልጥበት የድሮ መረብ።

ሰዎቹ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። አቶ ዘካርያስ ወረቀቱን በግንዱ ላይ አስደግፈው በአማርኛ ጀመሩ፤ ሳይበቃቸው ሲቀር ወደ ጋሞኛ ዞሩ። ዓሣው እንቁላል የሚጥልበትን ጥልቀት የሌለውን ዳር በዝናቡ ወራት ማንም ባይነካው መስመሩ ቀና እንደሚል አስረዱ። አንድ ሽማግሌ "ይሄ መውረዱን እኛ መች አጣነው" አሉና ትንባሆአቸውን ማኘክ ቀጠሉ። ማርቆስ ተነሣ።

"ጋሽ ዘካርያስ፣ ወረቀቱ እውነት ነው። ግን እኔ ብተው ያኛው ይጥላል። ያኛው ቢተው ከሌላ ቦታ የመጣው ይጥላል። ያን ጊዜ መስመሩም ወረደ፣ እኔም ተራብኩ። እንዴት ነው የምናደርገው?"

"ሁላችሁም በአንድ ላይ ከተዋችሁት ነው፣ ማርቆስ። አንድ ክረምት ብቻ። አንዱን ክረምት ካለፍን ቁጥሩን እኔ መዝኜ፣ አስቴር ሠርታው፣ እዚሁ አመጣላችኋለሁ። መስመሩ ካልተነሣ ሁለተኛ አልጠይቃችሁም።"

ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ጸለዩና ተስማሙ። እኔ ሐይቁ ዳር ያን ያህል ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስንመለስ አቶ ዘካርያስ ሞተሩ ላይ ሆነው የሚያንጎራጉሩት ነገር ነበር፤ ከኋላ ተቀምጬ ድምፃቸውን እንጂ ቃሉን አልሰማሁትም። የሳፋሪያቸው የላይኛው ቁልፍ ተፈትቶ ነፋሱ ኮታቸውን ይነፋው ነበር።

ዝናቡ ገባ። ማርቆስ ታንኳውን ገልብጦ ከዛፍ ሥር አሠረና ላንቴ፣ የሙዝ እርሻው ዘንድ ወርዶ ሙዝ ተሸካሚ ሆነ። የሙዝ ዘለላ በትከሻ ተሸክሞ በጭቃ መሃል እስከ መኪናው ማድረስ ነው ሥራው። ለዓሣ የለመደ ትከሻ ለሙዝ ይሆናል ማለት አይደለም። ቅዳሜ ሲመጣ ሚስቱ ወርቅነሽ ጀርባውን በትኩስ ውኃ ስታሽለት አያለሁ። "እስከ መስከረም ነው" ይለኛል። "መስከረም ላይ አቶ ዘካርያስ ይመዝኑታል።"

ሌሎቹም ጥቂት ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ያልተስማሙ ሰዎች እንደ ፀጉር የቀጠነ የናይሎን መረብ ይዘው ወደዚያው ዳር ገቡ፤ ጣት የምታህለውን ጭምር ጠርጎ የሚያወጣ መረብ። የሚያስቆማቸው አልነበረም። አቶ ዘካርያስ ወደየቢሮው ሄዱ፤ አንዱ የእኛ ሥልጣን አይደለም አለ፣ አንዱ ጀልባ የለንም አለ፣ አንዱ በጽሑፍ አምጡ አለ። በጽሑፍ አመጡ፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ከስምምነቱ ሰዎች አንዱ ይህን አይቶ ገባ፤ ሌላው እሱን አይቶ ገባ። ሐይቁ ዳር የተገለበጠች ታንኳ የማርቆስ ብቻ ቀረች። ሄደው ሊነግሩት ላንቴ ድረስ ወረዱ፤ አቶ ዘካርያስ ራሳቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ማርቆስ የነገረኝ "አትቆይ፣ ግባ አሉኝ፤ ቃል ሰጥቻለሁ አልኳቸው" የሚለውን ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ታንኳዋን ቀና አድርጎ ሲመለከታት ሆዷ በምስጥ ተበልቷል። እንደምንም ጠግኖ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ መረብ ጥሎ የሚያወጣው ለቤት የማይበቃ ሆነ። ጥቂት ወራት ታገለ። ከዚያ ባለ ሰፊ ዓይኑን መረብ ሸጦ ያን የቀጠነውን ይገዛ ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቢገዛ ባልፈረድኩበት። አልገዛም። መረቡንም ታንኳዋንም ትቶ ሙዙን ቋሚ ሥራው አደረገ። ጀርባው እስኪጎብጥ ተሸከመ። ዛሬ ምዕራብ ዓባያ ልጁ ዘንድ ነው ያለው፤ ያ ሰፊ ትከሻ የለም፤ ከወንበሩ የሚያነሣው ሰው ይፈልጋል። ስሄድ ስለ እናታችን፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን እንጫወታለን። ዓሣ ቤቱ አይገባም። ወርቅነሽ ነች የነገረችኝ፤ ጠልቶ ሳይሆን ዋጋው የማይደፈር ሆኖ ነው።

አቶ ዘካርያስ ግን መመዘናቸውን አላቆሙም። በየሩብ ዓመቱ ይመጡና አዲሱን ቁጥር ይሰጡኛል፤ አስገባለሁ፤ መስመሩ በስተቀኝ ትንሽ ይረዝማል፤ ትንሽ ይወርዳል። አንድ ቀን እንዲህ ሆነ፤ ከመውረዱ ብዛት መስመሩ ከሥሩ ካለው ከዜሮው መስመር ጋር ተጣብቆ አልለይ አለ። "የጎኑን ቁጥር ላሳጥረው? ከፍ ብሎ እንዲታይ" አልኳቸው። ይህን የማድረጊያውን መንገድ ያን ጊዜ ደህና አድርጌ አውቀው ነበር። "ተይው" አሉ። "እንደዚያ ካደረግሽው ዓሣው ያለ ይመስላል።" በስተመጨረሻ ጡረታ ወጡ፤ ሚዛኑን ለሚተካቸው ሰው አስረከቡ። የተካቸው ሰው ብዙ ሳይቆይ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ያመጣልኝ የለም፤ ኋላም እኔ ወጣሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅኳቸው ስኳሩ ዓይናቸውን ከወሰደው በኋላ ነው። ያው ሴቻ፣ ያችው ቤታቸው። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ በሩን ከፍተው "አስቴር መጥታለች" ሲሏቸው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር፤ ፒጃማቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ስለ ጤና ተጠያየቅን፤ ስለ ልጆች ተጫወትን። ከዚያ "ወደ ሐይቁ ወርደሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"ባለፈው ለቀብር ስሄድ በዚያ በኩል አልፌያለሁ።"

"እንዴት ነው?"

ታንኳዎቹ ጥቂት እንደሆኑ፣ ሰዎቹም ከዓሣ ይልቅ አዞ ሊያይ የመጣ እንግዳ በጀልባ ማመላለስ እንደያዙ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያን መስመር እንደነበረ ታስታውሽዋለሽ?" አሉ።

"አስታውሰዋለሁ።"

"እስቲ አሳይኝ።" ቀኝ እጃቸውን በእጄ ላይ አደረጉ፤ ቀላል ነበር፣ እንደ ደረቀ ቅጠል። እትዬ ብርቄን አየኋቸው፤ አድርጊላቸው በሚል ዓይን አዩኝ። ብርድ ልብሱ ላይ፣ ከጉልበታቸው በላይ ጣቴን አስቀመጥኩና ከግራ ጀመርኩ። ከፍ ካለው ቦታ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መንገጫገጭ ሳልፍ "ልክ ነው፣ ያ ዝናብ የበዛበት ዓመት ነው" አሉ። ቁልቁል ወረድኩ። ማርቆስና ሰዎቹ የተስማሙበት ክረምት ላይ ስደርስ እጄ ሳይቆም አለፈ። ከዚያ ሜዳ ሆነ። አልጋው ጠርዝ ላይ ስደርስ እጄን ያዝ አድርገው አቆሙኝ።

"ብዙ ሰው አይቶት ነበር አይደል፣ አስቴር? በየቢሮውም፣ ሐይቁ ዳርም?"

"ብዙ ሰው አይቶታል፣ አቶ ዘካርያስ። ያላየው የለም።"

እጃቸውን አነሡና ብርድ ልብሱን አስተካከሉ።

"እኔ እኮ ያን ሁሉ ዘመን ያላዩት ይመስለኝ ነበር" አሉ።

እትዬ ብርቄ ሻይ አመጡ። ስኳር የሌለውን ለእሳቸው፣ ስኳር ያለውን ለእኔ ሰጡን። ከዚያ ስለ ዓሣ አላነሣንም።